የሙዚቃና ሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሁለት ማዳመጫ የተገዛበት ዓመት

ሌሎች ክበባት በዚህ መጽሔት ስለ ተከሉት ችግኝና ስላመጡት ዋንጫ ይጽፋሉ። የእኛ ክበብ የዓመቱን ግማሽ የፈጀው ሁለት የጆሮ ማዳመጫ በመምረጥ፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ በእነርሱ መሥራትን በመማር ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሰልፍ ሰዓት ከሞንታርቦው የሚወጣውን ድምፅ ከአምናው ጋር ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ሳይሰማ አይቀርም።

ጣጣው የጀመረው ለትምህርት መክፈቻ በተዘጋጀው መለያ ዜማ ነው። ልጆቹ ከበሮ፣ ክራርና ዋሽንት ቀርጸው ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አቀናበሩት። ያዳመጡበት ማዳመጫ አንድ ተማሪ ከቤት ያመጣው፣ ባሱ እንዲደልቅ ሆኖ የተሠራ ዓይነት ነበር። በእርሱ ሲሰሙት ከበሮው ደረት ይመታል፤ «በዛ» ብለው ቀነሱት። ዜማው በሰልፍ ላይ ሲለቀቅ ከበሮው የለም፤ ክራሩ ብቻውን ይንጫጫል። ሁሉም ሞንታርቦውን ረገሙ። ሞንታርቦው ምስኪን ምን አደረገ? ልጆቹ ማዳመጫው ከራሱ የጨመረውን ድልቂያ እንቀንሳለን ሲሉ ከበሮውን ራሱን ቀንሰውት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክበቡ የያዘው ሐሳብ አንድ ነው፦ ለሥራ የሚሆን ማዳመጫ ሙዚቃውን ሊያሳምርልን አይገባም። የተቀረጸው መጥፎ ከሆነ መጥፎነቱን ይንገረን። ልጆች ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ መልካም የስቱዲዮ ማዳመጫ መጀመሪያ ጆሮ ላይ ሲገባ ደረቅና ውበት የጎደለው መስሎ ይሰማልና።

ገንዘቡ የተሰበሰበው በ2016 ሰኔ፣ ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ሽያጭና በወላጆች ቀን ከተሸጠው ሻይና ቦምቦሊኖ ነበር፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱም (ወመህ) ጨምሮልናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የእኛም ገንዘብ ከሣጥኑ ሳይወጣ በዶላር ሲሰላ ግማሽ ያህል ቀረ። ለአራት ማዳመጫ ያሰብነው ለሁለት ብቻ በቃ። ስለዚህ መሳሳት አይቻልም ነበር፤ ገበያው ደግሞ ሣጥኑ ላይ «ስቱዲዮ» የሚል ጽሑፍ በታተመበት፣ ሲነካ ግን እንደ ቆርቆሮ በሚቀል ዕቃ ተሞልቷል።

የቀረጻ ስቱዲዮ ያላቸው አንድ ወላጅ የተለያዩ ማዳመጫዎች አዋሱን። ፈተናውን የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አደረግሁት። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ አሳንሶ ይሰማዋል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የተከፈተው ማዳመጫ ምንጊዜም የተሻለ ይመስላል። መጀመሪያ የሁሉንም የድምፅ መጠን እኩል አደረግን፤ ከዚያ የሚያዳምጠውን ልጅ ዓይን በነጠላ ሸፍነን፣ ያችኑ የከሸፈች የመክፈቻ ዜማ አሰማነው። የታወቀ ዘፈን አልተጠቀምንም፤ ጉድለቱን የምናውቀው ሥራ ይሻለናል ብዬ ነው። ጥያቄው «የትኛው ደስ አለህ?» አልነበረም፤ «ከበሮው የት ሄደ?» የሚል ነበር።

ክፍት ጀርባ ያላቸው፣ ማለትም የጆሮው ሽፋን በውጭ በኩል አየርና ድምፅ የሚያሳልፍ ማዳመጫዎች ወዲያው ወደቁ፤ ጥራት ስለሌላቸው ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ክፍት ነው፤ ብዙ ባለሙያዎችም ይተማመኑበታል። እንዲህ ያለው ማዳመጫ ሙዚቃውን ዘርዘር አድርጎ ስለሚያሰማ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለሚክሲንግ፣ የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማቀናበር፣ ይመረጣል። የእኛ ክፍል ግን በብረታ ብረት ወርክሾፕና በመረብ ኳስ ሜዳ መካከል ናት። በዚያ ላይ ክፍቱ ማዳመጫ ድምፅ ወደ ውጭ ያፈሳል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስታንጎራጉር በማዳመጫው ምት የሚጠብቅላት የሜትሮኖሙ ቲክ ቲክታ ማይክራፎኑ ውስጥ ገብቶ አብሯት ተቀረጸ። ለሚቀርጽ ክበብ ዝጉ ነው የሚሻለው። ሽቦ አልባዎቹም ቀሩ፤ በብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ስለሚችል ክራር መቺው ከከበሮው ኋላ እየተንጠባጠበ ተቸገረ።

የቀሩት ሦስት ዝግ ማዳመጫዎች ነበሩ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ ጀርመናዊ ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚመች ከፋይ መሰል ስፖንጅ አለው። ገዢው ግን ኦሙን፣ ማለትም ማዳመጫው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን መቋቋም፣ አይቶ መግዛት አለበት፦ ባለ 32፣ ባለ 80 እና ባለ 250 ኦም አለ። ባለ 250ውን ከኮምፒውተራችን ጋር አገናኝተን ድምፁን እስከ መጨረሻ ብንከፍተውም አልጠገብነውም፤ የራሱን ማጉያ ይፈልጋል። ባለ 80ው ይሻላል። ሁለተኛው ሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየስቱዲዮውና በየሬዲዮ ጣቢያው የሚታይ፣ 63 ኦም ያለው፣ የሚታጠፍ ቀላል ዕቃ ነው። «ስ» እና «ሽ» ላይ አይምርም፤ ዘፋኝ ማይክራፎን ላይ ስታፏጭ ወዲያው ያጋልጣታል። ሦስተኛው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም40ኤክስ፣ 35 ኦም፣ ገመዱ የሚነቀል ነው። ባሱም ቀጭኑም ድምፅ ሳይጋነን የመካከለኛውን ቦታ፣ ማለትም ክራርና የሰው ድምፅ የሚገኙበትን፣ በግልጽ ያሰማል።

የመረጥነው ኤም40ኤክስን ነው። ዋናው ምክንያቴ ከድምፅ ይልቅ የትምህርት ቤት ኑሮ ነበር፦ ብዙ እጅ የሚነካው ማዳመጫ መጀመሪያ የሚሞተው በገመዱ ነው፤ የሚነቀል ገመድ ደግሞ ተቀይሮ ሥራው ይቀጥላል። የክበቡ ጸሐፊ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ እስከ ዛሬ 7506ን አልካደችም፤ በ«ስ» እና በ«ሽ» ጉዳይ ላይ ትክክል መሆኗን እዚህ መመዝገብ አለብኝ። የገዛነውም አንድ ዓይነት ሁለት ነው። የተለያየ ብንገዛ ሁለት ልጆች «በዛ»፣ «አነሰ» ሲባባሉ የሚከራከሩት ስለ ቅንብሩ ይሁን ስለ ማዳመጫቸው አይታወቅም ነበር። ማዳመጫዎቹን የአንዲት ተማሪ አክስት ለገና ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች፤ ዋጋቸው ያኔ እያንዳንዳቸው ወደ 100 ዶላር ይጠጋ ነበር። እግዜር ይስጥልን።

የዓመቱ ትልቅ ሥራ በዐቢይ ጾም የተቀረጸው በገና ነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሰንበት ትምህርት ቤት በገና ይማራል፤ ባለ አሥር ጅማቱን ተሸክሞ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን የያዘው ልጅ በስልክ ማዳመጫ ሰምቶ «ገመዱ ተበላሽቷል፣ ይንዛዛል» ብሎ ቀረጻውን አቋረጠ። የሚንዛዛው ገመዱ አልነበረም፤ በጅማቱና በመቀመጫው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው ነው። የበገና ድምፅ ያለ እንዝራ በገና አይሆንም። ትንሿ የስልክ ማዳመጫ የጅማቱን ወፍራም መሠረት ማውጣት ስለማትችል ንዝረቱ ብቻ ብልሽት መስሎ ቀርቷል። በአዲሱ ሲሰማ ግን መሠረቱና ንዝረቱ አንድ ላይ ናቸው፤ ንዝረቱ ከጅማት ጅማት እንደሚለያይም ይሰማል። ደርዳሪው ራሱ ማዳመጫውን ሲያጠልቅ አንዱ እንዝራ ከቦታው መንሸራተቱን አወቀና አስተካከለው። ያ ቀረጻ ነው በመጋቢት ወር በሚኒ ሚዲያው የተሰማው።

ማዳመጫ የማይነግረንም ነገር አለ። የግራው ድምፅ ለግራ ጆሮ፣ የቀኙ ለቀኝ ብቻ ስለሚገባ፣ ክራሩን ጥግ ድረስ ወደ ግራ ቢወስዱት በማዳመጫ ያምራል፤ የሰልፉ ሞንታርቦ ግን አንድ ነው፣ ግራና ቀኝ አያውቅም። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመሰማቱ በፊት በሞኖ፣ ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተቀላቅሎ፣ ይደመጣል፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ባዶ ሲሆን በሞንታርቦው ይፈተሻል።

ለጆሮም ሕግ አውጥተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል ለሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ማዳመጫው በሚሰካበት የኮምፒውተሩ የድምፅ መሣሪያ (ሳውንድ ካርድ) መዘውር ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገናል፤ ከምልክቱ በላይ የከፈተ ልጅ በሚቀጥለው ቀረጻ ገመድ ጠቅላይ ይሆናል። ዘንድሮ ገመድ የሚጠቀልል አላጣንም።

ዕቃዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ተቆልፈው ነው የሚያርፉት፤ መዝገቡ በክበቡ ጸሐፊ እጅ ነው። የኤም40ኤክስ ገመድ ጫፍ እየተጠመዘዘ የሚቆለፍ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እዚህ በየሱቁ አይገኝም፤ የጆሮ ስፖንጁም በብዙ ራስ ላይ እየዋለ መላላጥ ጀምሯል። በ2018 ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ወላጆች አንድ ገመድና ሁለት ጥንድ ስፖንጅ ብታስመጡልን ክበቡ ዋጋውን ይከፍላል። አዲስ አባላት የሚመዘገቡት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ መሣሪያ መጫወት ግዴታ አይደለም።