ይድረስ ለልጄ፦ ዲያዜፓሙን ስትቀንስ ሰው ከጎንህ ይኑር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለት ዓመት የወሰድከውን ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ ኪኒን ለማቆም ከሐኪምህ ጋር መስማማትህን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኛል። «ለማንም ሳልናገር ራሴ እወጣዋለሁ» ያልከውን ግን አልወደድኩትም። ይህን የምጽፍልህ ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ በሰውነትህ ውስጥ የሚሆነውን እወቀው። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር አለ፤ ዲያዜፓም የእሱን ሥራ ያጠናክራል። ኪኒኑ በየማታው ለወራት ሲወሰድ አንጎል ይለምደውና በራሱ የመረጋጋት አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲቀነስ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ብርሃንና ድምፅ ይከብዳል፣ ያለ ምክንያት ፍርሃት ይመጣል። በድንገት ከተቋረጠ ደግሞ ራስን የሚያስት መንፈራገጥና የአእምሮ መቃወስ ሊያስከትል ይችላል፤ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ሐኪም ባዘዘው ልክ የወሰደ ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ ከፈቃድ ድክመት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆች 2020 በዚህ የመድኃኒት ወገን ሁሉ ማብራሪያ ወረቀት ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ስለዚህ ነው።

አቀናነሱን ከሐኪምህ ጋር ብቻ ወስን። በ2025 በአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር መሪነት የወጣው መመሪያ ሲጀመር በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ ይላል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ እንዳይሆንም ያስጠነቅቃል። አንተ 10 ሚሊ ግራም ነው የምትወስደው፤ 10 በመቶው 1 ሚሊ ግራም ነው። ባለ 5 እና ባለ 2 ሚሊ ግራም ኪኒን ከታዘዘልህ 9 ማለት አንድ ባለ 5 እና ሁለት ባለ 2 ነው፤ 8 አራት ባለ 2፤ 7 አንድ ባለ 5 እና አንድ ባለ 2። እስከዚህ ቀላል ነው። 5 ላይ ስትደርስ ግን ያው 1 ሚሊ ግራም 20 በመቶ ሆኗል፤ 2 ላይ ደግሞ ግማሽ ነው። ብዙ ሰው መጨረሻው አካባቢ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ የሠራለትን እርምጃ ሳይቀይር እስከ ታች ይዞት ይወርዳል። ከ5 በታች ቅነሳው እያነሰ እንዲሄድ አስቀድመህ ሐኪምህን ጠይቀው።

ኪኒን እየሰበሩ ሩብ ሚሊ ግራም ማግኘት ስለማይቻል ሐኪምህ ፈሳሹን ሊያዝልህ ይችላል። እዚህ ላይ አደራ ልጄ! እናንተ ጋ አሜሪካ ሁለት ዓይነት የዲያዜፓም ፈሳሽ አለ። አንዱ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ሌላው ጠንካራው ሲሆን በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ያሰበውን አምስት እጥፍ ሊውጥ ይችላል። ጠርሙሱን እንደተቀበልክ ከመድኃኒት ቤቱ ሳትወጣ ጽሑፉን አንብበው፤ መርፌ የሌለው ባለ 1 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲሪንጅ ስጡኝ በል፤ የታዘዘልህ መጠን በየትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ ፋርማሲስቱ ራሱ ያሳይህ። በሾርባ ማንኪያ መለካት የሚባል ነገር እንዳታስብ።

ዲያዜፓም ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ዛሬ ማታ ብትቀንስ ነገ ምንም ላይሰማህ ይችላል፤ የሚከብደው ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ሳምንት ካለፈ ነው። ያኔ ሰው ቅነሳውን ረስቶት «ልብ ድካም ያዘኝ»፣ «ማበዴ ነው» ይላል። ከዚያም ወይ ተደናግጦ መጠኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ወይ ተናዶ ጭራሽ ይጥለዋል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አጠገብህ ካለ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ነበር የቀነስከው?» ይሆናል። መልሱ ብቻውን ግማሹን ፍርሃት ያወርድልሃል። ሐኪምህ በወር አንድ ቀን ሊያይህ ይችላል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይንህ ሲፈጥ ግን አይኖርም።

በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎችን እውቀት አትናቅ። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ከ1982 እስከ 1994 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ብቻ የሚያይ ክሊኒክ ነበራቸው። ስለ አቀናነስ ያወቁትን የተማሩት ከራሳቸው ከሕሙማኑ እንደሆነ በግልጽ ተናግረዋል።

ሰው ስትፈልግ በክሊኒክህ ጀምር። አንተ ባለህበት ሜሪላንድ ውስጥ በራሳቸው ሕይወት ከሱስ ወይም ከአእምሮ ሕመም ያገገሙና ለመርዳት ሠልጥነው የምስክር ወረቀት የያዙ ሰዎች አሉ፤ ሐኪምህ እንዲያገናኝህ ጠይቀው። የቡድን ስብሰባ ከሆነ ከመሄድህ በፊት አስተባባሪውን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ በሐኪም ትእዛዝ እየቀነሰ ያለ ሰው እዚህ ይናገራል ወይ? ስለ መጠን ምክር የሚሰጥ ሰው ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ? ለመጠጥና ለሄሮይን ሱሰኞች በተቋቋሙ አንዳንድ ስብሰባዎች ዜሮ እስክትደርስ «ገና አልጸዳህም» የሚልህ አይጠፋም። ያንን ሰምተህ ብትቸኩል የምትጎዳው አንተ ነህ። ቪታሚንና ቅጠል የሚሸጥልህ ካለም ተነስተህ ውጣ።

ቡድን ውስጥ የምትሰማውን ስትመዝን አንድ ነገር አትርሳ። የቀለለው ሰው ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ቆይቶ የሚያወራው ገና የከበደው ነው። ስለዚህ ክፉ ክፉውን በብዛት ብትሰማ የሁሉም ዕጣ ያ ነው ማለት አይደለም። አስር ዓመት የወሰደን ሰው መጠንና ጊዜ ከራስህ ጋር አታወዳድር። «ስንት ልቀንስ?» ብለህ ጓደኛህን አትጠይቅ፤ «ሌሊት ስትነቃ ምን ታደርግ ነበር? ለአለቃህ ምን አልከው?» ብለህ ጠይቀው። ይህን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅልህ የለም።

አንድ ሰው ስታገኝ ደግሞ ነገሩን በደንብ ተነጋገሩበት። በሳምንት ሁለት ቀን የተወሰነ የስልክ ሰዓት ይኑራችሁ፤ በተለይ ከቅነሳው በኋላ ባሉት አስር ቀናት ውስጥ። በደብተር ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፍ፦ የወሰድከው መጠን፣ የተኛህበት ሰዓት ብዛት፣ ጭንቀትህ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ። ስትደውልለት እሱን አንብብለት፤ የደከመ ሰው ሳምንቱን በሙሉ ጨለማ አድርጎ ያስታውሳል፣ ደብተሩ ግን ሁለት ደህና ቀን እንደነበረህ ያሳያል። ከከበደህ ባለህበት መጠን እርጋና ለሐኪምህ ደውል። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል መቀነስ አይባልም፤ በደምህ ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ኪኒን መበዳደርም ክልክል ነው፣ ጓደኛህ ቢያዝንልህ እንኳ። ከተንፈራገጥክ፣ የሌለ ነገር ካየህ፣ ያለህበት ቦታ ከጠፋህ ጓደኛህ ሳይከራከር 911 ይደውል። ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ 988 የሚባል የእርዳታ ስልክ አለ፤ ሌሊትም ይሠራል።

አሁን ደግሞ ስለ እኛው ሰው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ብዙ ነው፣ ወሬም ፈጣን ነው፤ ይሉኝታህን እረዳዋለሁ። ለሁሉም ተናገር አላልኩህም፤ ለሁለት ሰው ብቻ ንገር፣ አንዱ ሐበሻ ባይሆንም ግድ የለም። ጨብሲ ፍለጋ መጠጥና ኪኒን የሚደራርብ ጓደኛ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንህም። ዲያዜፓም ላይ ቢራም ሆነ አረቄ ሲጨመር ትንፋሽ ያጥራል፣ ሊቆምም ይችላል። ቡናህን ከሰዓት በኋላ ተው፣ የተረፈህን እንቅልፍ ይነጥቅሃል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚመጣውን ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክም ጉሮሮህ በታመመ ቁጥር አትዋጥ፤ እንዳንተ በሚቀንስ ሰው ላይ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል።

ጠበል እሄዳለሁ ካልክ ሂድ፣ እኔም እጸልያለሁ። ነገር ግን ኪኒኑን ቤት ጥለህ እንዳትሄድ። ለንስሐ አባትህ እየቀነስክ መሆኑንና በድንገት መተው እንደሚጥል አስቀድመህ ንገራቸው፤ እሳቸውም ከጎንህ ከሚቆሙት አንዱ ይሁኑልህ።

የመጀመሪያውን ቅነሳ ከመጀመርህ በፊት የእነዚያን ሁለት ሰዎች ስምና የሐኪምህን ስልክ ላክልኝ። ካልተገኙ ቀኑን በሁለት ሳምንት አራዝመው፤ 10 ሚሊ ግራሙን ትንሽ ብትቆይበት የሚበላሽ ነገር የለም።

እናትህ