ለወንድሜ፣ ስለ አባባ መኪና መብራት

ውድ ወንድሜ ሰሚር፣

አሰላሙ አለይኩም። ሁላችሁም ደህና መሆናችሁን ከድምፅ መልእክትህ ሰምቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም ደህና ነኝ፤ ሥራውም ጤናውም ደህና ነው፣ ስለ እኔ አታስቡ። ዝምታዬን እማዬ እንደ ቂም ቆጥራዋለች አሉ። ቂም አይደለም በላት። ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "መቼ ነው የምትመጣው" ብላ ነው፤ መልስ ሳልይዝ መደወል ይከብደኛል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባባ ከአጋሮ አምሽተው በዝናብ፣ ያውም በአንድ መብራት እንደተመለሱ ስትነግረኝ ልቤ ደነገጠ። አሁን ደግሞ አክስቴን ለእህታችን ለሀያት ሰርግ ለማምጣት አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው አልከኝ። ከጅማ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊቤ በረሃ ላይ ከመሸባቸው ያ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ በአንድ ዓይን አይወረድም። መብራቱ እስኪስተካከልና ዓይናቸው እስኪታይ ድረስ ከመግሪብ በኋላ መሪ አይያዙ። ታላቅ ልጅዎ ለመነዎት በላቸው፤ ከለመንኳቸው እሺ ይላሉ።

የላክሁት ገንዘብ ለመብራቱና ለዓይን ምርመራው ነው። የሰርጉን ለብቻው እልካለሁ፤ ከዚህኛው ለድንኳን እንዳትቀንሱ። በሰው የላክሁት ካርቶን ውስጥ ሁለት አምፖል፣ አንድ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ የብርጭቆ ወረቀትና ፖሊሽ አለ።

ቪዲዮህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በግራ በኩል አጭሩ (ቅርብ የሚያበራው) ጠፍቷል፣ ረጅሙ (ሩቅ የሚያበራው) ይበራል። ሁለቱም አጭር መብራቶች አብረው ቢጠፉ ሪሌውን (ማብሪያው ሲነካ ኃይሉን ወደ መብራቶቹ የሚለቀውን) ወይም ማብሪያውን እንጠረጥር ነበር። አንዱ ብቻ ሲጠፋ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአምፖሉ፣ ከሶኬቱ፣ ከፊውዙ ወይም ከማሳው (ከመኪናው አካል ጋር ከሚታሰረው የመመለሻ ሽቦ) አያልፍም። አምፖሉን አውጥተህ ክሩን ወደ ብርሃን አድርገህ እይ። ከተበጠሰ ወይም ብርጭቆው ውስጡ ከጠቆረ አልቋል። ክሩ ደህና ከሆነ ከኮፋኖው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክፈት፤ የትኛው ፊውዝ የየትኛው መብራት እንደሆነ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። የተቃጠለው 10 አምፔር ከሆነ በ10 ተካው። የጋራዡ ልጅ 20 ወይም 30 ልክተትልህ ካለ እምቢ በል፤ ያኔ ፊውዙ ይተርፍና ሽቦው ይቃጠላል። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከሄደ የሆነ ቦታ ላይ ሽቦ ተልጦ የመኪናውን አካል እየነካ ነው።

የአባባ መኪና ራቭፎሩ ላይ ያለው የአጭሩ አምፖል ኤች 11 ነው፣ በፎቶህ ላይ እግሩ ላይ ይነበባል። ረጅሙ ሌላ ነው፣ ሁለቱ አይለዋወጡም። ሞተሩንና መብራቱን አጥፍተህ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ የሶኬቱን መቆለፊያ ተጫንና ሳብ፤ ከዚያ አምፖሉን ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል አዙረህ አውጣው። አዲሱን በፕላስቲክ እግሩ ብቻ ያዝ። ብርጭቆውን በጣት ከነካኸው የእጅ ቅባቱ እዚያች ቦታ ላይ ሙቀት ይሰበስብና ቶሎ ይፈነዳል፤ ከተነካ በአልኮል ጠርገው። የቀኙንም አብረህ ቀይር፤ እኩል ያረጁ ናቸው፣ አንዱ ከሄደ ሌላው አይቆይም።

ሶኬቱን ችላ እንዳትል። ወደ ፀሐይ አውጣና ውስጡን እይ። ነጩ ወይም ግራጫው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ፣ የብረቱ ምላስ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ወይም ስታስገባው ሳይጠብቅ ላላ ካለ፣ አምፖል ብትቀያይር ለውጥ የለውም። ሶኬቱ ራሱ ይቀየር፤ ሽቦው በብየዳ ይያያዝ እንጂ በፕላስተር ብቻ አይጠምጠም።

ቀኙ ይበራል ግን ደብዝዟል፤ ይህን በቴስተር ለካ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማግኘት አለብህ። ከ15 ካለፈ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ነው፣ አምፖል የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ከዚያ መብራቱን አብርተህ ከሶኬቱ ጀርባ ለካ። ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ቀላል አይምሰልህ፣ ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ማሳው ነው። ከፓራፋንጎው ውስጥ በቡሎን የታሰረውን የማሳ ሽቦ ፍታ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ አጥብቀህ እሰር።

ሱቅ ስትሄድ ኤልኢዲ አምፖል ግዛ፣ ፀሐይ ያስመስልልሃል ይሉሃል። አትግዛ። የአባባ መኪና መብራት ቤቱ የተሠራው ለሃሎጅን ክር ነው፤ ብርሃኑ ከዚያች ክር ቦታ ካልተነሳ ይበታተናል። ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ነጭ ይሆናል፣ ሩቁ ግን ይጨልማል፣ ከፊት የሚመጣውም ሾፌር ይታወራል። 100 ዋት የሚባለውም እንዲሁ ነው። 55 ዋቱ 4.6 አምፔር ገደማ ሲስብ 100 ዋቱ ከ8 በላይ ይስባል፤ ሶኬት የሚያቀልጠው ይኸው ነው።

መስታወት የምንለው የፊቱ ክዳን ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐይ ሽፋኑን ሲበላው ይቢጫል። ቀለሙ እንዳይጎዳ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ውኃ እያፈሰስክ መጀመሪያ በ800፣ ቀጥሎ በ1500፣ በ2000፣ በመጨረሻ በ3000 ቁጥር ፈግፍግ። የፊተኛው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ከዚያ ፖሊሽ። በላዩ ፀሐይ የሚከላከል ግልጽ ቀለም ካልተረጨ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይቢጫል፤ በጥርስ ሳሙና ማጽዳትም እንደዚያው ነው። የሚረጨውን ቀለም በአውሮፕላን ስለማያሳልፉት እዚያው ፈልግ።

ግራው ውስጥ ጠብታ ይታየኛል። ከዝናብ በኋላ የሚታይ ስስ ጉም መብራቱ ሲሞቅ ከጠፋ ችግር የለውም። ጠብታና የተጠራቀመ ውኃ ግን አንድ ቦታ ይገባል ማለት ነው፣ በጅማ ክረምት ደግሞ አያባራም። ከጀርባ ያለው የጎማ ማሸጊያ በትክክል መግጠሙን መጀመሪያ እይ፤ ብዙ ሰው አምፖል ቀይሮ እሱን አጣሞ ይተወዋል። ሳይደርቅ በሲሊኮን እንዳታሽገው፣ ውኃውን ውስጥ ትቆልፈዋለህ። ቀዳዳም አትብሳ።

በነገራችን ላይ በቪዲዮው ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማል። መብራቱን አይቼ ከጨረስኩ በኋላም እሱን ብቻ ስሰማ ቆየሁ። እዚህ ሻርጃ ዝናብ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ከኋላ ሀያት ስትስቅም ሰማሁ። ድምፅዋ የትልቅ ሴት ሆኗል። ሒናዋን ማን ነው የሚቀባት? ቀሚሷን ወደደችው ወይስ ለእኔ ብላ ነው "ቆንጆ ነው" ያለችኝ? ኒካሁ ላይ ያልተገኘሁት ስላልፈለግኩ እንዳይመስላት። ከመምጣቴ ይልቅ ለእሷ የሚጠቅመው እኔ እዚህ ስቆይ ነው፣ ይህን አባባም ያውቃሉ። ግን አንተ ከጎኗ ቁም፤ ስታለቅስ ብቻዋን አትተዋት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መብራቱ ይነጣጠር። የጎማ ንፋሱን አስተካክል፣ ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቅ፣ አንድ ሰው ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከመሬት እስከ መብራቱ መሀል ለካና ያን ከፍታ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ከመብራቱ ጀርባ ያለው ብሎን ነው፣ በካቻቢቴ ይዞራል። ብርሃኑ ወደ ላይ የሚነሳው በቀኝ በኩል መሆን አለበት። በግራ ከተነሳ መብራቱ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፣ ይመለስ። ለሰርጉ ኋላው በሰውና በዕቃ ሲሞላ አፍንጫው ስለሚነሳ መሪው አጠገብ ያለውን ማስተካከያ ከ0 ወደ 1 ወይም 2 አውርዱት።

አባባ "የሚመጣው መኪና መብራት ይበተንብኛል" ማለታቸው ግን ከመኪናው ጋር ላይያያዝ ይችላል። የዓይን ሞራ እንደዚያ ያደርጋል፣ ብርሃኑን ዓይን ውስጥ ይበትነዋል። በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ክፍል ውሰዳቸው፤ አንተው ውሰዳቸው እንጂ "እሄዳለሁ" ሲሉህ አትመን። አክስቴን ግን አንተ በጠዋት ተነስተህ አምጣት፤ ጭጋግ ካጋጠመህ ረጅሙን አታብራ፣ ወደ አንተው ይመለሳል።

የሶኬቱን ውስጥ፣ የቴስተሩን ቁጥርና ግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ዓርብ እረፍት ነኝ፣ ለእማዬም ያን ቀን እደውላለሁ በላት።

ወንድምህ ነስሩ