ሐረጎን ከነተሳቢዋ፦ የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዓመቱን ሙሉ ሲጠየቅ ለከረመው ጥያቄ አስቀድሜ መልስ ልስጥ። በመምህራን ማረፊያ፣ በወላጆች ስብሰባ፣ በር ላይ ባለችው ሻይ ቤት ሳይቀር የሚነሳው አንድ ነው። «እነዚህ ልጆች በዚያች አሮጌ የስፖርት መኪና ምን እያደረጉ ነው? ቤት ልትጎትት ነው የሚባለው እውነት ነው?» አዎ፣ እውነት ነው። ጎትታለችም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ በደሴ አልፋ፣ ሐይቅ አድራ በሰላም ተመልሳለች።

መኪናዋ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ ናት። ደሴ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ቆማ ነበር። ባለቤቷ አዛውንት ለክበባችን በውሰት የሰጡን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። «አትቁረጧት፣ አትበይዱባት። ያደረጋችሁት ሁሉ በመፍቻ የሚፈታ ይሁን።» ይህ ቃል ሥራችንን አከበደው። ግን ልጆቹን ያስተማራቸውም እሱ ነው። ብየዳ ቢፈቀድልን ኖሮ ግማሹን ነገር ሳናስብበት እናልፈው ነበር።

ለምን ተሳቢ ቤት? የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የታሪክ ክበብና የጂኦግራፊ ክፍል በየዓመቱ የመስክ ጉዞ ያቅዳሉ። በየዓመቱም የማደሪያ ወጪ ያስቀረዋል። ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ ምግብ ማብሰያና ዕቃ መያዣ ያለው ትንሽ ተሳቢ ቢኖረን የቀረው ተማሪ በድንኳን ያድራል። ለምን አሮጌ መኪና? ያለን እሱ ስለሆነ ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ገና ለብዙ ዓመት እየተጠገኑ ነው የሚሄዱት። የሚጠግናቸው ማን ነው? እነዚህ ልጆች ናቸው። ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ፍሬን፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ ምን እንደሆኑ የማያውቅ ሰው አይጠግነውም።

ሙስታንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከሚሊዮን በላይ ተመረተች። የኛዋ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.7 ሊትር ሞተር አላት። ከፋብሪካ ስትወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ልጆቹ መጀመሪያ የተማረኩት በዚህ ቁጥር ነው። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሌላ ነገር ነበር፦ «ፎርድ ይህቺን መኪና የሠራት ፋልከን ከምትባለው ትንሽ የቤተሰብ መኪና አካል ተነስቶ ነው።» ውጫዊ ውበቷን ትተን ስናያት ቀላል መኪና ናት። ጉልበት አላት ማለት ጭነት ትችላለች ማለት አይደለም። ስለዚህ ሞተሩን ከመንካታችን በፊት ፍሬኑን ጀመርን።

በ1966ቱ ሞዴል ዋናው የፍሬን ፖምፓ ባለ አንድ ክፍል ነው። አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ፎርድ ራሱ በ1967ቱ ሞዴል ላይ ለሁለት የተከፈለውን አመጣ። የፊቱ ቢፈስ የኋላው ይይዛል፣ የኋላው ቢፈስ የፊቱ። እኛም ወደዚያ ቀየርነው። የፊቱን ታምቡር (እንደ ከበሮ የተዘጋውን ፍሬን) አውጥተን ዲስክ (ክፍት፣ ሳህን መሳዩን) አደረግን። ታምቡር ቁልቁለት ላይ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፤ ሲግል ፍሬኑ ይላሽቃል። ዲስክ ግን ነፋስ ያገኘዋል። ዕቃው በአንድ የቀድሞ ተማሪያችን በኩል ከውጭ ነው የመጣው። እስኪደርስ ድረስ የመጀመሪያው ሴሚስተር አለቀ። አንዳንድ ልጆች ተሰላችተው ክበቡን ለቀቁ። አልፈርድባቸውም።

መጎተቻውን መግጠም ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የጠየቀን ሥራ ነበር። ይህቺ መኪና እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ (አካሉን ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም) የላትም። ፓራውልቱ ላይ አስረህ ብትጎትት ተገንጥሎ ይቀራል። መጎተቻው መያዝ ያለበት ከሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱትን ሁለቱን ጠንካራ ብረቶች ነው። ችግሩ እዚያው አጠገብ የነዳጅ ታንኩ መኖሩ ነው። በሙስታንግ ላይ የታንኩ የላይኛው ፊት ራሱ የኋላው ዕቃ መጫኛ ወለል ነው። አንዱ ልጅ ምንጣፉን ገልጦ «መምህር፣ ታንኩ ላይ ነው እንዴ ዕቃ የሚጫነው?» ብሎ የደነገጠውን አልረሳውም። ነዳጁን ቀድተን፣ ታንኩን አውጥተን ግቢው ጥግ አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ነው መሰርሰሪያ የተነሳው። ብሎኖቹ ብረቱን እንዳይቀዱት ከውስጥ በኩል ወፍራም ላሜራ ደገፍንላቸው። አንድም ብየዳ የለም።

ለኋላው ባሌስትራ (ጭነቱን ለሚሸከመው የተደራረበ ብረት) አንድ ተጨማሪ ቅጠል አስገባን። ፍሪሲዮኑን ቀየርን። ጎማዎቹን ጭነታቸው ከፍ ባለ ራዲያል ተካን። የመኪናዋ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ በአንድ ቀይ አምፖል ነው የሚሠሩት፤ የኛ አገር ሹፌር ከኋላ ሆኖ ሲያየው ግራ ይገባዋል። የኤሌክትሪክ ቡድኑ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) ለይቶት ተሳቢው ላይ ቢጫ ፍሬቻ ገጠመ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ወርክሾፕ ይምጣ።

ተሳቢው ራሱ የልጆቹ ነው። ወለሉ ብረት፣ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ ጣራው ላሜራ፣ ፍራሹ ስፖንጅ። ከተማችን የከባድ መኪና ከተማ በመሆኗ ሚዛን አላጣንም። ከነዕቃው 400 ኪሎ ያህል ወጣ። በአውሮፓ ሕግ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚገደደው ከ750 ኪሎ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ተሳቢያችን ቀላል ከሚባሉት ወገን ነው። ግን አውሮፓ ሐረጎ የለም፤ በዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ልናገር። ተሳቢ ሲታሰር ምላሱ (ከፊቱ ወጥቶ መኪናው ላይ የሚታሰረው ብረት) መጎተቻው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ካነሰ ተሳቢው ከኋላ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞ ይሄዳል። ልጅቷ ከክሊኒካችን የሰው ሚዛን ተውሳ መጣች። ምላሱ ሥር በጣውላ ደግፋ አስቀመጠችው። ሚዛኑ 20 ኪሎ አለ። ከ400 ኪሎ 5 በመቶ ማለት ነው። ወንዶቹ «ቀላል ነው፣ በእጅ ይነሳል» ብለው ተደስተው ነበር። እሷ ግን «ይኼማ ይጥለናል» አለች። ውስጥ ገብታ ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካኖች ከአክስሉ (ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ) ፊት አዞረቻቸው። ሚዛኑ 44 ኪሎ አነበበ። ሌላ ምንም አልነካችም። እኔ ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ በሥዕል አስረድቻለሁ። እንደዚያ ቀን ገብቷቸው አያውቅም።

ወርሃዊ ስብሰባዎቻችን በመደበኛነት ተካሂደዋል። ቃለ ጉባኤው ተሟልቷል። የወላጆች ቀን ላይ ሞተር ፈተን አሳይተናል።

ከሐይቁ ጉዞ በፊት ባደረግነው የሐረጎ ሙከራ ራዲያተሩ ፈላብን። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው አወጡት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ ሲደርስ ሩቡ የለም ማለት ነው። ውሃም ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት የሚይዝ ጥሩ ክዳን ነው ይህን ከፍ የሚያደርገው። የኛ ክዳን ጎማው ደርቆ ነበር። ፋኑም መሸፈኛ ስላልነበረው የሚስበው አየር ግማሹ በጎን ይባክናል። ክዳኑን ቀየርን፣ ራዲያተሩን ወፍራም አደረግን፣ መሸፈኛውን ከላሜራ ቆርጠን ሠራን። የካርቡሬተሩንም ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ለከፍታው አሳነስነው። ከዚያ በኋላ አልፈላችም።

ጉዞው በየካቲት ነበር። ሙስታንጓ ከነተሳቢዋ ከፊት፣ ልጆቹ በሚኒባስ ከኋላ። ተሳቢው ውስጥ ሰው አልተሳፈረም፤ ሊሳፈርም አይገባም። ጋቢና ውስጥ አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ በየመታጠፊያው የሙቀቱን ልክ ይመዘግባል። ደሴ ፒያሳ ስንደርስ ባለቤቷ አዛውንት ቆመው ጠበቁን። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ብየዳ እየፈለጉ ነበር። ቀና ሲሉ «ቃላችሁን ጠብቃችኋል» አሉና መረቁን። ሐይቅ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ወፍ ቆጠሩ። ቡናው ተሳቢው ውስጥ ተፈላ።

ያቺ ልጅ አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ናቸው። ባለተሳቢ ነው የሚነዱት። ክበቡን አይወዱትም ነበር። ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ለምናቸው አብረውን መጡ። መንገዱን ሁሉ አልተናገሩም። በመልሱ፣ ሐረጎ አፋፍ ላይ ከመውረዳችን በፊት «አቁሙ» አሉ። ወርደው ወደ መጎተቻው ሄዱ። ከምላሱ ሥር የተጠላለፉትን ሁለት ሰንሰለቶች ያዙና ጎተት አደረጓቸው። ሰንሰለት የሚጠላለፈው መጎተቻው ቢፈታ ምላሱ አስፋልት ላይ እንዳይወድቅ፣ እንደ አንቀልባ እንዲይዘው ነው።

«ይኼን ማን ነው ያጠላለፈው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ለምን?»

አስረዳቻቸው። ዝም ብለው ሰሟት። ከዚያ ወደ ሹፌራችን ዞረው «ሲወጣ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ወሬው ሲወርድ ነው። በ2ኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን ረግጠህ እንዳትቆይ» አሉት። ታች ስንደርስ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቸርኬዎቹ አስጠግተው አንድ በአንድ ለኩ። የፊቶቹ ደህና ነበሩ። የኋላ ታምቡሮቹ ግለዋል፤ የፍሬን ሸራ ሽታም ነበር። «ግሏል እንጂ አልተቃጠለም» አሉ። ቀጥሎ የተናገሩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ «ወላሂ መምህር፣ ልጅህ መኪና ሥር ትተኛለች ሲሉኝ ተቆጥቼ ነበር። ታናሿንም አመጣልዎታለሁ።» ልጅቷ ፊቷን ወደ ቦርከና ወንዝ አዙራ ቆመች። እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ይህ ሁሉ የተሠራው በምን እንደሆነ ማወቅ ያለበት ሰው ይወቅ። በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈው ወርክሾፓችን እስከ ዛሬ አልተተካም። ሙሉ የመፍቻ ስብስብ የለንም። ክሪኩ የአንድ ወላጅ ነው። መብራት ሲጠፋ መሰርሰሪያው ይቆማል፤ ልጆቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ለስፖርት ማሊያ በጀት እንደሚያዘው ሁሉ ለመፍቻ ቢያዝ ቅር የሚለው ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ጥያቄያችን ለተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ክብደቱ በሌላ አገር ሕግ ባያስገድደውም ሐረጎ ያስገድደዋል። የጋሉት ታምቡሮች መልእክት ይኸው ነው። የሚያስፈልገው ፍሬን ያለው አክስል፣ ከሹፌሩ አጠገብ የሚገጠም መቆጣጠሪያና ሽቦ ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችን ክሪክና ሁለት አስተማማኝ ማቆሚያ ነው፤ ልጆች በሰው ክሪክ ብቻ ተደግፎ ከቆመ መኪና ሥር እንዲገቡ አልፈቅድም፣ ስለዚህ ሥራው ይጓተታል። ዕቃ ያለው ዕቃ፣ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ሙያ ያለው ሙያውን ይዞ ይምጣ። የከተማችን መካኒኮችና ሹፌሮች በተለይ ትፈለጋላችሁ። ክበቡ ዘወትር አርብ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ለሚሰጥ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ ይቆርጣል።

የታሪክ ክበብ ተሳቢዋን ለቦሩ ሜዳ ጉዞ ከወዲሁ ጠይቆናል። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበትን ቦታ አድረው ሊያጠኑ ነው። ፍሬኑ እስከ ጥቅምት ከደረሰልን እንወስዳቸዋለን።