ጢስ ዓባይ ቅዳሜና እሑድ ይፍሰስ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኃይል ማመንጫዎቻችን ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለችው የዘወትር መቀመጫዬ ሆኜ አነበብሁት። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅሙ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀበት ዕለት፣ ሁሉም በሥርዓቱ ተጽፏል። ከጡረታ ደመወዜ እየቆረጥሁ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝና ባነበብሁት ደስ ብሎኛል። ጽሑፉ ግን ጣናን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈው፤ ጢስ ዓባይን ጭራሽ አላነሣውም። ብዕር ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሪክ ትምህርት አስተምሬአለሁ። በየዓመቱ መኸሩ ሲያልፍ ተማሪዎቼን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ወደ ጢስ ዓባይ እወስዳቸው ነበር። መጀመሪያ የምንገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ወደ ጀመረውና 11.4 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መዘውሮች የዞሩት በዚያ ኃይል ነበር። ልጆቹ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ከእግራቸው በታች ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማቸዋል። ከዚያ በእግራችን ወደ ፏፏቴው እንሄዳለን። ገና ከሩቅ ጢሱ ይታያል፤ ስንቀርብ ደብተራቸው ይርሳል። «ያው ውሃ ነው፤ እዚያ ሥራ እየሠራ ወረደ፣ እዚህ እየዘፈነ ይወርዳል» እላቸው ነበር። ኃይል ማለት ከፍታና የውሃ መጠን መሆኑን ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው ያልገባቸው ልጆች እዚያ ቆመው ገብቷቸዋል።

ዛሬ የልጅ ልጆቼን በየካቲት ወይም በመጋቢት ብወስዳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ጥቁር ገደልና በላዩ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን የውሃ ክር ነው። የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረውን ሥዕል እያሳየሁ «እንዲህ ነበር» ብላቸው በትሕትና ዝም ይላሉ እንጂ እንደማያምኑኝ ዐይናቸው ይነግረኛል።

ውሃው የት ሄደ? ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በመጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 እንደ መጀመሪያው ሁሉ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ የሚጠልፈው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ73 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር በሮቹ ሰባት ሆኑ። ለብዙ ሺህ ዓመታት ክረምት ሲሞላ ሞልቶ፣ በጋ ሲጎድል ጎድሎ የኖረ ሐይቅ ከዚያ ወዲህ የሚወጣውም የሚቀረውም በሰው እጅ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና የውሃው አለቃቀቅ ተደራርበው ሐይቁ ክፉኛ ጎደለ፤ መርከቦች ወደብ መድረስ ተቸግረው ነበር። ያን ጊዜ ውሃው ከሸሸበት ጭቃ ላይ ገበሬዎች ሲዘሩ በዐይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። ውሃው ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ አካባቢ ተነሥቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ ዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። ከጣና የሚወጣው ውሃ በቀደመው አፉ በኩል ብቻ መውጣቱ ያን ዕለት አበቃ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ መሐንዲሶቹ ትክክል ነበሩ። በጢስ ዓባይ ጣቢያ ውሃው የሚወርደው 50 ሜትር ገደማ ነው። በበለስ በኩል ግን ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንዲት ባልዲ ውሃ በበለስ በኩል ስትሄድ በጢስ ዓባይ በኩል ከምትሰጠው ስድስት እጥፍ ያህል ኃይል ትሰጣለች። በዚያ ላይ ጣና ግንብ ሳይገነባለት የተገኘ የውሃ ማከማቻ ነው፤ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍና ዝቅ በማለት 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፣ ይለቃል። እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ስጦታ ያለው አገር ሳይጠቀምበት ቢቀር ጥፋት ነው። ስለዚህ በለስ ይዘጋ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እንዲያ የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ እከራከራቸዋለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በዋና ዋና በዓላት ዕለት፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ይለቀቅ፤ ውሃውም በጣቢያዎቹ ቦይ ሳይሆን በፏፏቴው በኩል ይውረድ። ከጨረጨራ እስከ ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና ውሃው መንገድ ላይ ሰዓታት ስለሚፈጅ በሮቹ ከዋዜማው ጀምረው ይከፈቱ።

ምን ያህል ይጎዳናል? ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ አንባቢም ማሽን አንሥቶ ሊያሰላው ይችላል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ለ48 ሰዓት ቢፈስ 3 ሚሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ይህን ለሐይቁ ስፋት ብናካፍለው አንድ ሚሊ ሜትር ከጥቂት ነው። በሠላሳ ሳምንት ተደምሮ አራት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ፀሐይ ግን ከዚሁ ሐይቅ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ታተናለች፤ በቀን አራት ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ለፏፏቴው በሳምንት የምንሰጠው ፀሐይ ከጠዋት እስከ ቀትር ከምትወስደው አይበልጥም።

ወደ ኃይሉ እንምጣ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በሰከንድ በበለስ በኩል ሲወርድ 2.7 ሜጋ ዋት ገደማ ይሰጣል። ሃያው 54 ሜጋ ዋት ነው። ሕዳሴ ባልነበረበት ዘመን 54 ሜጋ ዋት ትልቅ ነገር ነበር፤ ያኔ ብጠየቅ እኔም እንቢ እል ነበር። ዛሬ ግን ከሕዳሴ ዐቅም አንድ መቶኛ ነው። ያውም ብዙ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች በሚያርፉባቸው ቀናት!

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። በፏፏቴው የወረደው ውሃ ዓባይን ይዞ፣ በዋሻው የሄደው ደግሞ በለስን ይዞ ሄደው ሄደው የሚገናኙት በሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጢስ ዓባይ የለቀቅነው ውሃ ባክኖ አይቀርም፤ ጉባ ላይ ተርባይን ያዞራል። የቀረብን በበለስ ቁልቁለት ላይ ሊሰጠን የነበረው ብቻ ነው። ሕዳሴን ስንገነባ የሠራነው ለመብራት ብቻ አልመሰለኝም። ቀድሞ በችግር ምክንያት የጨከንንባቸውን ነገሮች መለስ ብለን የምናይበትን ዐቅምም ሰጥቶናል።

«ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት ሳያገኝ ስለ ፏፏቴ ታወራለህን?» የሚለኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ፣ የማከብረው ሰው፣ በዚሁ ቃል ጠይቆኛል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሐይቁን በመርከብ ዞሬ ማታ ማታ ዳርቻው ላይ በኩራዝ የሚያመሹ መንደሮችን አይቻለሁና አላቃልለውም። ነገር ግን እነዚያን መንደሮች ጨለማ ውስጥ ያስቀመጠው የ54 ሜጋ ዋት እጥረት አይደለም። የጎደላቸው ምሰሶ ነው፣ ሽቦ ነው፣ ትራንስፎርመር ነው፣ ቆጣሪ ነው። ባለከፍተኛ ኃይል መስመር በመንደር አናት ላይ እያጓራ ቢያልፍ፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥቶ በትራንስፎርመር ካልወረደ በስተቀር አንዲት አምፖል አያበራም። ፏፏቴውን ዘግተን ያተረፍነው ኃይል ለኩራዙ መንደር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ስለ ውሃው ሒሳብም ላንሣ። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «ዛሬ ሐይቁ ስንት ሜትር ላይ ነው? ወደ ዓባይ ስንት፣ ወደ በለስ ስንት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። ደብዳቤ ጻፍ ተባልሁ፤ ጻፍሁ፤ መልስ የለም። የሚሸሸግ ምሥጢር አለ ብዬ አልጠረጥርም። ቁጥሩ የሕዝብ መሆኑን ያሰበበት ሰው የለም ብዬ ነው የማስበው። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የት እንደሚያቆም፣ የጀልባ ባለቤቱ ወደ ገዳማቱ መቼ እንደሚሻገር፣ በደንቢያና በፎገራ ውሃ ሸሽ ላይ የሚዘራው ገበሬ ውሃው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው በግምት ነው። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ላይ የመስኖ ሥራ እየተስፋፋ ነው፤ ቆጋ እያለማ ነው፣ የርብ ግድብም ተሠርቷል። እንቦጩም ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይዟል። ተካፋዩ በበዛ ቁጥር ሒሳቡ በግልጽ መቀመጥ አለበት።

ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ ልመለስና ላብቃ። እዚያ በፏፏቴው ስም የሚኖር ሰው አለ። መንገድ የሚመሩ ወጣቶች አሉ፤ ጀልባ የሚቀዝፉ አሉ፤ ከፖርቹጋሎች ድልድይ ማዶ ነጠላና ቅል ዘርግተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። እንግዳ በቀነሰባቸው በእነዚህ ዓመታት ኑሯቸው ተጎድቷል። ሰላሙ ሲመለስ እንግዳው ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን በመጋቢት ደረቅ ገደል ካየ ለሌላው ሂድ አይልም። አንዲት እናት «ውሃው የሚመጣበትን ቀን ብናውቅ እንኳ ቡናችንን በዚያ ቀን እናፈላ ነበር» ብለውኛል። ከእሳቸው ንግግር ነው ቅዳሜና እሑድ የሚለውን ሐሳብ ያገኘሁት።

ስለዚህ በእናንተ ጋዜጣ አማካይነት የሚመለከታቸውን ሁሉ የምጠይቀው ይህ ነው፤ በመጪው ኅዳር ለአንድ በጋ ብቻ ይሞከር። የሚለቀቀው መጠንና ቀኑ አስቀድሞ ይነገር። የሐይቁ ከፍታ፣ በጨረጨራ የወጣውና በበለስ የሄደው ውሃ በየሳምንቱ ሰኞ በባሕር ዳር ወደብ በር ላይ በሰሌዳ ይጻፍ፤ እናንተም ከአየር ሁኔታው ጎን አውጡት። ሰሌዳውን የሚጽፍ ሰው ከጠፋ፣ እጄ ገና ጠመኔ መያዝ አልተሳነውም፤ ቁጥሩን ይስጡኝና ሰኞ ሰኞ ጠዋት እየሄድሁ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር
ከባሕር ዳር