ፊልዱ «ፕራይቬት» ሆኖ ሴተሩ ክፍት ከሆነ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «የክላሱን ፊልዶች በሙሉ ፕራይቬት አድርጉ፣ ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ጌተርና ሴተር ጻፉ» የሚለው ምክር መታረም አለበት። ክላስ የኦብጀክቶች ንድፍ ነው፤ ፊልድ መረጃ የሚይዝበት ቦታ፣ ሜተድ ደግሞ ሥራ የሚሠራበት የኮድ ክፍል ነው። ፕራይቬት ማለት ከክላሱ ውጭ ላለ ኮድ የተዘጋ ማለት ነው፤ ጌተር የፊልዱን ዋጋ የሚመልስ፣ ሴተር ደግሞ የሚለውጥ ሜተድ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል።

«ሂሳብ» የሚባል ክላስ እንውሰድ። ውስጡ «ቀሪ» የሚባል ፕራይቬት ፊልድ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የተሰጠውን ቁጥር ሳይመረምር ፊልዱ ላይ የሚጽፍ ፐብሊክ (ለማንኛውም ኮድ ክፍት የሆነ) ሴተር ተቀምጧል። ከውጭ ያለ ኮድ ሴተሩን ጠርቶ ኔጌቲቭ 500 ቢያስገባ ማን ይከለክለዋል? ሴተሩን አንስቶ «አስገባ» እና «አውጣ» የተባሉ ሜተዶችን መጻፍ ይሻላል። «አውጣ» የተጠየቀው መጠን ከዜሮ በላይ መሆኑን፣ ከቀሪውም አለመብለጡን ይፈትሻል፤ ካልሆነ ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ይወረውራል። ከዚያ ወዲያ ቀሪው ከዜሮ በታች ወርዶ ቢገኝ ጥፋቱ የሚፈለገው እዚያው ክላስ ውስጥ ነው፤ ፕሮጀክቱን ሁሉ ማሰስ አያስፈልግም።

ጌተርም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ ይህን ልምድ ያላቸውም ይስቱታል። በጃቫ የገቢና ወጪ መዝገብ የያዘ ፕራይቬት ሊስት (ዝርዝር) ኖሮ ጌተሩ ያንኑ ሊስት ከመለሰ፣ ጠሪው እጅ የገባው ቅጂ ሳይሆን ወደ ዋናው የሚያመለክት ሪፈረንስ ነው። ሁሉን የሚያጠፋውን «ክሊር» የሚለውን ሜተድ ቢጠራበት መዝገቡ ባዶ ይቀራል፤ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ትንፍሽ አይልም። ከጃቫ 10 ጀምሮ በሊስት ላይ ያለው «ኮፒኦፍ» የማይለወጥ ቅጂ ይሰጣል። ሊስቱ ውስጥ ያሉት ኦብጀክቶች ራሳቸው የሚለወጡ ከሆኑ ግን ቅጂው እነሱን አያድንም።

ስለ ሌላው የመዳረሻ ቃል «ፕሮቴክትድ ለልጅ ክላሶች (ከክላሱ ለሚወርሱ) ብቻ ነው» የሚለው የጽሑፉ አባባልም ለሲ ፕላስ ፕላስ እንጂ ለጃቫ አይሠራም። በጃቫ ፕሮቴክትድ ለልጅ ክላሶችም፣ በዚያው ፓኬጅ (የክላሶች ስብስብ) ላሉ ክላሶች ሁሉም ክፍት ነው፤ ስለዚህ ምንም ቃል ካለመጻፍ ይልቅ ይሰፋል። ምንም ሳይጻፍ ሲቀር የሚሆነውም እንደ ቋንቋው ይለያያል፦ የጃቫ ክላስ አባል ለፓኬጁ ይከፈታል፣ የሲ ሻርፕ ፕራይቬት ይሆናል፣ የኮትሊን ደግሞ ፐብሊክ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ፕሮግራመር ሳያስበው በር ከፍቶ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቃሉን በግልጽ መጻፍ ይመረጣል። በፕራይቬት ጀምሮ ሲያስፈልግ መክፈት ቀላል ነው፤ ፐብሊክ የነበረን አባል በኋላ መዝጋት ግን ሲጠቀምበት የቆየውን ኮድ ሁሉ ይሰብራል።

ጽሑፉ ፕራይቬትን ከመረጃ ደኅንነት ጋር ማያያዙም ልክ አይደለም። ፕራይቬት የሚከለክለው የፕሮግራመርን ስህተት ነው፤ ፕሮግራሙን በሚያሄደው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን ሰው አያግደውም። በፓይተን ስሙ በሁለት አንደርስኮር የሚጀምር ፊልድ የሚደበቅ ይመስላል እንጂ፣ ቋንቋው የሚያደርገው ከስሙ ፊት አንድ አንደርስኮርና የክላሱን ስም መጨመር ብቻ ነው፤ ሙሉውን ስም የጻፈ ሁሉ ያነበዋል። በጽሑፉ ምሳሌ ላይ የይለፍ ቃሉ እንዳለ በፕራይቬት ፊልድ ተቀምጧል። መቀመጥ የነበረበት የይለፍ ቃሉ ሳይሆን ሶልት (በዘፈቀደ የተፈጠረ ተጨማሪ) ተጨምሮበት የተሠራው ሃሽ (ወደ ይለፍ ቃሉ የማይመለስ አሻራ) ነው።

ከአክብሮት ጋር