ፈቃዱ የማን ነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በሥራ ተቋራጭነት ለመመዝገብ መሐንዲስ መቅጠርና የማሽነሪ ባለቤትነትን በሊብሬ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ነገር ግን ሊብሬው ለምዝገባው ሰሞን ብቻ ከዘመድ ተውሶ፣ የመሐንዲሱም ዲግሪ በወር ክፍያ ተከራይቶ ፋይል ውስጥ ሲገባ፣ የሚሰጠው ደረጃ የሚመሰክረው ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ተቋራጩ አይደለም። ባለፈው ክረምት ያሠራሁት የድጋፍ ግንብ ተደርምሶ የጎረቤቴን ኩሽና ሲጫነው፣ ውሉን የፈረመው ድርጅትና ግንቡን የሠራው ሰው የተለያዩ መሆናቸውን ገና ያኔ አወቅሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኩሽናው ውስጥ ሰው አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩ ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ይሁንና ፈቃዱን ለሌላ አከራይቶ ውሉን ብቻ የፈረመውን ድርጅት በ7ኛው ዓመት ማን ያገኘዋል? በመንግሥት ግንባታ ቢያንስ የውል ማስከበሪያና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ይጠየቃል። እሱም ቢሆን ከመድን ድርጅት የሚመጣው በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ዋስትና፣ በመጀመሪያ ጥያቄ ከሚከፈለው የባንክ ዋስትና ጋር አይተካከልም፤ የተቋራጩ ጥፋት እስኪረጋገጥ አሠሪው ደጅ ይጠናል። የግል ቤት ስንሠራ ግን ብዙዎቻችን ዋስትናም ሆነ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚሆን መድን ሳንጠይቅ፣ በሰው በሰው ላገኘነው ተቋራጭ ቀብድ እንቆጥራለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

መዝጋቢው አካል በፋይል የቀረቡትን ባለሙያዎችና ማሽነሪዎች ሥራው ቦታ ድረስ ሄዶ እንዲያጣራ፣ የግንባታ ፈቃድ ሰጪውም የመድን ውሉን ሳያይ ሥራ እንዳያስጀምር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ