ግሬይሞን ለሞተበት ልጄ

ፍኖተ ሰላም

አካሌ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አክስትህ ትናንት ደውላ እራት ሳትበላ መተኛትህን ነገረችኝ። በዲጂሞን ወርልድ ጌም የምታሳድገው ግሬይሞን ሞቶብህ ነው አለች። የጌሙን ፋይልም አጥፍቼ ከዜሮ እጀምራለሁ ብለሃል።

እንዳታጠፋው! ስንቴ ልንገርህ፣ የአንዱን ጌም ልማድ ወደ ሌላው አትውሰድ።

ፖክሞን ጌም ላይ በውጊያ የወደቀ ይነሣል። ፖክሞን ሴንተር፣ ማለት ሐኪም ቤቱ፣ ታስገባዋለህ፣ በነጻ ይታከማል፣ ዕድሜውም አይቀንስም። ቀኑን ሙሉ ብታዋጋው አይጎዳም። እዚያ የሚያስከፍልህ ዝርክርክነት ነው። አንድ ፖክሞን ከውጊያ የሚሰበስበው የጥረት ነጥብ፣ ችሎታውን የሚያሳድገው ማለቴ ነው፣ በጠቅላላው ቢበዛ 510 ነው፤ በአዲሶቹ ጌሞች ለአንድ ችሎታ ከ252 አያልፍም፤ ሌቭል 100 ላይ 4ቱ አንድ የችሎታ ነጥብ ይሆናሉ። ፍጥነትና ጥቃት ከሞላህ 6 ብቻ ትቀርሃለች። ያገኘኸውን ሁሉ ስትመታ ከዋልክ ግን ነጥቡ በየቦታው ተበትኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ዲጂሞን ወርልድ እንዲህ አይደለም። ያለህ አንድ ብቻ ነው፤ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፉ ይመጣል። ምልክቱ ከራሱ በላይ ሲወጣ የያዝከውን ትተህ እሱን ስማው። ልምምድ ሁሉ ከቀኑ ሰዓት ይበላል። ምልክቱን እያየህ ችላ ካልከው የአያያዝ ስህተት ይቆጠርብሃል፤ ወደ ምን እንደሚለወጥም ከሚወስኑት አንዱ እሱ ነው። ሽንት ቤት ሳታደርሰው እየቀረህ በየሜዳው ከተጸዳዳ መጨረሻው ሱካሞን፣ ዓይነ ምድር የሚመስለው ዲጂሞን፣ መሆን ነው። ስለዚህ ከከተማ ስትወጣ ሥጋና ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ሳትይዝ አትውጣ። በውጊያ በተሸነፈም ቁጥር ከሕይወቱ ይቀነሳል።

አያትህ በሬያቸው ቦራ ምላሱን ሲያወጣ ትልሙ ባያልቅም ይፈቱት ነበር። ይህን እያወቅሁ እጅህ ላይ መጀመሪያ ያስያዝኩህ ፖክሞንን ነው። ቀላል ነው ብዬ ነበር። የማይደክም እንስሳ አስለምጄህ ኖሯል፤ ይህ ይቆጨኛል፣ ሆዴ። በስድስት ዓመትህ የሚደክመውን ብሰጥህ ኖሮ ዛሬ ድካሙን ታይ ነበር።

ግን የሞተው ባዶ እጅህን አልተወህም። ከእንቁላል የሚወጣው አዲሱ ዲጂሞን ከሟቹ ጉልበት የተወሰነውን ይወርሳል፤ ወደ ከተማዋ የመለስካቸው ዲጂሞኖችም እዚያው ናቸው። ፋይሉን ብታጠፋ ሁለቱንም ታጣለህ።

ቀጥሎ ድራገን ክዌስት ሞንስተርስ የሚባለው ጌም፣ ያ እ.ኤ.አ. የ1998ቱ፣ ያምርሃል አሉ። አሁንም ያንኑ ነው የምልህ፣ የዚህን ልማድ ወደዚያ አትውሰድ። እዚያ እንስሳው አርጅቶ አይሞትብህም፤ ግን ወንድና ሴት አዋልደህ ልጅ ስታገኝ ሁለቱም ወላጆች ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። ሁለቱም ቢያንስ ሌቭል 10 መድረስ አለባቸው፤ ልጁ ከ1 ይጀምራል፣ የወላጆቹን ሙያ ግን ይዞ ይወለዳል። በብዛት ዘሩ ወደ መጀመሪያ ወደመረጥከው ስለሚያደላ ቅደም ተከተሉን አስብበት። ከማዋለድህ በፊትም ሴቭ አድርግ። ሳታዋልድ ሴቭ!

ዳቦ ቆሎ ልኬልሃለሁ፣ ለአክስትህ ልጆችም አካፍል። ቻርጀሩን ማታ ንቀለው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ እንዳይበራ። ዛሬ እራትህን ብላ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውልልኝ፤ የትኛውን እንቁላል እንደመረጥክ ትነግረኛለህ።

እናትህ